ወተት የማይጠጣው ጥጃ

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእታለም፤

እንዴት ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ከዚያ ከልብስ ማጠቢያ ቤቱ ሥራ ጋር ታረቀ? ባለቤትሽስ እንዴት ነው፣ አሁንም በእንቅልፉ ይከራከራል? እህሉ፣ ውሃው፣ አለቃሽ፣ የክፍላችሁ ግድግዳ እርጥበት፣ ሁሉም እንዴት ነው? እኛ እዚህ ሁላችንም ደህና ነን። ይህን «ደህና ነን» ግን በእሁዱ ስልክ ላይ እንደሚባለው አትቁጠሪው። ማንም ከኋላዬ ቆሞ አልጎነተለኝም፤ በገዛ እጄ የጻፍኩት ነው።

ልጅሽም ደህና ነው። አስቀድሜ የምነግርሽ ቀጥሎ ያለውን ስታነቢ ልብሽ ቀጥ እንዳይል ነው። ዛሬ ጠዋት በሁለቱ አዳዲስ ጥርሶቹ ጆሮዬን ነክሶ፣ እኔ ስጮኽ እሱ ሳቀ። ያንቺ ልጅ መሆኑን የሚጠራጠር ቢኖር ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልገውም። አባባ አሁንም «ጥጃዬ» ነው የሚሉት፤ እኛም ስሙን ረስተን ጥጃው ጥጃው እንላለን።

በስልክ ለምን እንዳልነገርኩሽ መቼም ይገባሻል። የቤታችን ስልክ የአባባ ስልክ ነው፤ የአባባ ስልክ ደግሞ ድምፅ ማጉያው ተከፍቶ ወተት ቤቱ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ የሰፈር ንብረት ነው። አንቺ «ሃሎ» ስትዪ የሚመልሱልሽ አባባ፣ አክስታችን እትዬ፣ ጡረተኛው መምህርና ወተት ሊገዙ የተሰለፉ ሰባት ሰዎች ናቸው። አገሩ ሩቅ ስለሆነ መጮኽ ያስፈልጋል ብለው ያምናሉ፤ እንደ ጩኸታቸውማ ቢሆን ስልኩ ራሱ ባላስፈለገ ነበር። በዚያ መሀል እኔ ምን ልንገርሽ?

ሌላም ምክንያት አለ። አባባ በእማዬ ስም አስምለውኛል። «ከዚህ ደጃፍ ለሚገባና ለሚወጣ ሰው ትንፍሽ እንዳትዪ» ነው ያሉኝ። እኔም ምዬ ስቃጠል ሰነበትኩ። ኋላ ግን አስቤ አስቤ አገኘሁት። አንቺ ከወጣሽ አራት ወር ሆኖሻል፣ ውልሽ እስኪያልቅም አትገቢም። ስለዚህ መሐላው አንቺን አይነካም። እማዬ ብትኖር በዚህ ትስቅ ነበር እንጂ አትቀየመኝም።

እንግዲህ ልንገርሽ። ልጅሽ የላም ወተት አለርጂ አለበት። አዎ፣ የወተት ነጋዴ የልጅ ልጅ።

የሄድሽ ሳምንት ነው የጀመረው። በወረቀት ጽፈሽ በተውሽልን መሠረት የጣሳውን ወተት በጥብጠን በጡጦ ሰጠነው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አፉ ዙሪያ ቀይ ሽፍታ ወጣበት፤ ከዚያ የጠጣውን ሁሉ በእትዬ ትከሻ ላይ መለሰው። እትዬ ጥርስ ነው አሉ። በማግስቱ ሲደግመው የሆድ ንፋስ ነው አሉ። በሦስተኛው ቀን ጥፋቱ ወደ እኔ ዞረ፤ አጠገቡ ተቀምጬ መጽሐፍ ሳነብ ልጁን አስጨንቄዋለሁ ማለት ነው። አክስታችን የማያውቁት ነገር እንደሌለ ታውቂያለሽ፤ ቢኖርም እንደማያውቁት አያውቁም። አሁን «እትዬ አውቃለሁ» የሚል ስም አውጥቼላቸዋለሁ። ካንቺ በቀር ለማንም አልነገርኩም፣ ለጡረተኛው መምህር ብቻ ነው። እሳቸውም ስቀው ስቀው፣ ሲጨርሱ «ነውር ነው» አሉኝ።

አባባ በበኩላቸው ጥፋቱን በጣሳው ላይ ጣሉት። «ዱቄት ነው እኮ» አሉ፤ «እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ በወተት አሳድጌ፣ የኔ ጥጃ ዱቄት በጥብጦ ይጠጣ?» ከዚያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ወተቱ ክፉ ሊሆን አይችልም፤ እንግዲያው ከላሞቹ አንዷ ናት ጥፋተኛዋ። ስለዚህ አራቱንም ላሞች ለየብቻ እያለቡ፣ በየተራ በልጅሽ ፊት ለፍርድ ያቀርቧቸው ጀመር።

ሰኞ ቡሬ ቀረበች። ልጁ አስመለሰ። ቡሬ ተፈረደባት፤ አባባም በማግስቱ ሲያልቧት ሰላም አላሏትም። ማክሰኞ የጉራች ወተት ተሰጠው፤ ልጁ ሌሊቱን ሙሉ እግሩን ወደ ሆዱ እያጠፈ አለቀሰ፣ ጉራችም ተፈረደባት። እኔ እስከዚህ ድረስ እስቅ ነበር፤ አልዋሽሽም። የላም ችሎት ያየ ሰው ሳይስቅ አይቀርም። ሐሙስ የወርቄ ተራ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሽንት ጨርቁን ስቀይር እንደ ቀይ ክር ያለ ደም አየሁ። ከዚያ በኋላ አልሳቅሁም።

ለእትዬ ባሳያቸው «አውቃለሁ» ሊሉኝ ነው። ስለዚህ ክትባት ደርሶበታል ብዬ አዝዬው ወጣሁ፤ ጨርቁንም በፌስታል ጠቅልዬ ያዝኩት። የጤና ጣቢያው ነርስ ጨርቁን እንዳየች ወደ ሕፃናት ሐኪሟ ላከችን። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ሰው ሲያወራ የማታቋርጥ፣ ከቤታችን ሰው ጋር የማትመሳሰል። መቼ እንደጀመረው፣ ምን እንደጠጣ፣ ከጠጣ በኋላ በስንት ሰዓት እንደሚብስበት አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። የላሞቹንም ችሎት ነገርኳት። ብዕሯን አስቀምጣ «አባትሽ ሥራቸው ምንድን ነው?» አለችኝ። ወተት ይሸጣሉ ስላት ጣሪያውን ቀና ብላ አየች፤ ለእኔ አዝና ይሁን ለአባባ አላወቅሁም።

ያስረዳችኝን እንደገባኝ ልጻፍልሽ። ወተት ውስጥ ፕሮቲን የሚባል ነገር አለ። የጥጃው ሰውነት ያንን ፕሮቲን እንደ ጠላት ቆጥሮ ይዘምትበታል። ሽፍታው፣ ትውከቱ፣ የሆድ ቁርጠቱ፣ ደሙ፣ ሁሉም የዚያ ጦርነት ውጤት ነው። አንዳንዱ ሕፃን እንደጠጣ ወዲያው ያብጣል፤ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ነው የሚወጣው፤ የኛው ጀግና ሁለቱንም አሟልቷል። ጡረተኛው መምህር ወተት በጠጡ ቁጥር ሆዳቸው እንደ ወፍጮ ቤት የሚጮኸው ግን ሌላ ነገር ነው፤ የእሳቸው ከወተቱ ስኳር ጋር ያለ ጠብ ነው፣ የልጅሽ ከፕሮቲኑ ጋር። ጉንጩ ላይ የነበረውን ያንን የማይድን ቁስልም ነገርኳት። አንቺ ታጠቢው በነበረ ጊዜ «ለጡት ይሆናል» እየተባልሽ በቀን ሦስት ብርጭቆ ትጠጪ አልነበር? እናት የጠጣችው በጡቷ በኩል ጥቂት ሊያልፍ ይችላል አለችኝ። እታለም፣ እዚህ ላይ እንዳታለቅሺ። ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የእናቱም የላሞቹም አይደለም ብላለች። ብዙዎቹ ሕፃናት ከፍ ሲሉ ይተዋቸዋል፤ እስከዚያ ግን ወተት፣ ቅቤ፣ አይብ፣ እርጎ፣ እነዚህ የገቡበት ነገር ሁሉ በአፉ እንዳይዞር አለችኝ። ተሽሎት እንደሆነ የሚሞከረውም ጊዜው ሲደርስ፣ እሷ ባለችበት ብቻ ነው።

በሳምንቱ አባባን ይዤ ሄድኩ። ቆባቸውን አውልቀው፣ እንደ ተከሳሽ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሐኪሟን ይመረምሯት ጀመር። የየትኛዋ ላም ነው? የማንኛዋም። ከፈላስ? ቢፈላም ያው ነው። የፍየልስ? የፍየል ፕሮቲንም ከላም ጋር ወንድማማች ስለሆነ አይሆንም። እንግዲያው ልጁ ምን ይጠጣ? ሐኪሟ ልዩ የጣሳ ወተት አዘዘችለት። ከተማው ውስጥ አንድ መድኃኒት ቤት ብቻ የሚያስመጣው ነው፣ ሽታውም እንደ ረጠበ ካርቶን ነው። በዚህ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ተሰባብሮ ተሰባብሮ ሰውነቱ እንዳያውቀው ሆኖ የተሠራ ነው አለች። አባባ ጎንበስ አሉና «መነሻው ግን ላም ነው አይደል?» አሉ። «አዎ» አለች። ከዚያች ቃል በቀር ሌላውን የሰሙ አይመስለኝም። መንገድ ላይም «ከተማ ያደገች ልጅ ናት፤ ላም አታውቅም፤ ግን ላም መሆኑን አልካደችም» እያሉኝ መጡ።

እታለም፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ብታዪ! ሽፍታው ጠፋ፤ ጉንጩ ወደ ልጅ ጉንጭ ተመለሰ። ያንን የካርቶን ውሃ እንደ ማር እየማገ ክብደት ጨመረ። ሳቅ ለመደ። አባባ ግን ልጁ ደህና በሆነ መጠን ልባቸው ይደፍር ጀመር። «ይኸው ዳነ» ይላሉ፤ የዳነው ወተት ስለተወ መሆኑን ብነግራቸው «የዳነ ልጅ ምን ያደርጋል፣ ይበላል፣ ይጠጣል» ይላሉ።

ያኔ ነው አንዲት ጊደር የገዙት፤ የመጀመሪያ ጥጃዋን የወለደች፣ ሙሽራ ብለው ስም ያወጡላት። እኔ ላሟ ለሱቅ ነው ብዬ አላሰብኩበትም። ለካ አባባ «ተሰባብሮ ተሰባብሮ» የሚለውን የሐኪሟን ቃል ሲያሰላስሉ ነው የከረሙት። ለመሰባበርማ እኛ ከማን እናንሳለን ብለዋል ለካ! አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እኔ ልብስ ሳሰጣ፣ የሙሽራን ወተት ሦስት ጊዜ አፈሉት፤ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ሰባት ጊዜ አጠለሉት፤ ከዚያ ጠርሙስ ውስጥ ከተው ክንዳቸው እስኪዝል ናጡት። እኔ የጠርሙሱን ድምፅ እየሰማሁ ለደንበኛ ቅቤ ያወጣሉ ብዬ ነበር። ሃያ ዓመት በወተት የኖረ ሰው ብቻ ነው እንደዚህ የሚሳሳት። ፕሮቲን የሚባለውን ነገር በክንዳቸው ሰባብረው፣ በማንኪያ ሁለት ጊዜ ለጥጃው አቀመሱት።

ስገባ አባባ ልጁን አቅፈው ቆመዋል። ከንፈሩ እንደ ሰው ከንፈር አልነበረም። ዓይኑ ሊከደን ደርሷል፤ ሲተነፍስ ፉጨት ይሰማል። ያን ፉጨት ልገልጽልሽ አልችልም፣ ባልገልጽልሽም ይሻላል። አባባ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» ይላሉ። ወተት ማመላለሻዋን ባጃጅ አስነሱ፤ እኔ ልጁን ይዤ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ጀሪካኖቹን የማውረድ ጊዜ አልነበረም። አንዱ ክዳኑ ተፈትቶ ኖሮ ከሱቃችን እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ መንገዱ ሙሉ ነጭ መስመር ተሠመረበት። አባባ አንድ ጠብታ ሲፈስ የሚጮኹ ሰው እንደሆኑ ታውቂያለሽ፤ ያን ቀን ዞረው አላዩትም።

ሐኪሞቹ ጭኑ ላይ መርፌ ወጉት፣ የመተንፈሻ ጭንብል አደረጉለት። ቀስ እያለ ፉጨቱ ቆመ። ሐኪሟ አባባን አልተቆጣቻቸውም፤ ያ ነው የባሰው። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ዳግመኛ ቢቀምስ እዚህ ለመድረስ ጊዜ ላይኖር ይችላል አለቻቸው። አባባ ሽርጣቸውን ፈትተው ጠቅልለው ብብታቸው ውስጥ ከተቱት፣ የወተት ጠብታ ነበረበት። ከዚያ ወዲህ ስለ ላም አንድም ጊዜ አልተከራከሩም።

እንግዲህ አባባ አምነዋል፣ ታዲያ ጭንቁ ምንድን ነው ትዪኛለሽ። ጭንቁ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። «የወተት ነጋዴውን የልጅ ልጅ ወተት ገደለው ሊባል ነበር» አሉ እትዬ። «ነገ ማን ከእኛ ይገዛል? ወተታቸው አንዳች ነገር አለው ነው የሚባለው፤ ሰውን አውቃለሁ።» ይህችን እንኳ እውነት ሳያውቋት አይቀሩም። አባባም ፈሩ፤ ሱቁ ከተዘጋ ያ ልዩ ጣሳስ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ተማማልን። ልጁ ጉንፋን ይዞታል ተባለ። አንድ ወር የሚፈጅ ጉንፋን ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እዚህ ቤት ግን ችግር ሲመጣ ሰው ሁሉ ጉንፋን ነው የሚይዘው። ባለፈው እሁድ «ድምፅሽ ምን ሆኗል?» ስትዪኝም እትዬ ከኋላዬ «ጉንፋን ነው!» ብለው የጮኹልሽ ለዚህ ነው።

አሁን የምኖረው ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ነው፤ ድሮ ባዶ ጀሪካን ይቀመጥባት በነበረችው። አባባ ግድግዳዋን ሁለት ጊዜ አጥበው፣ ኖራ ቀብተው ለእኔና ለጥጃው ሰጡን። በሯ ወደ ግቢ ነው፣ መስኮቷ ወደ ሱቁ ጓሮ፤ መስኮቷም እንዲዘጋ ታዟል፣ ጉንፋን ነዋ። ከበሩ እስከ መስኮቱ ስድስት እርምጃ ነው፤ ጥጃውን ሳስተኛ ስለምቆጥረው ነው። በግድግዳው በኩል የሰፈሩን ወሬ ሁሉ እሰማለሁ፤ ማን አረገዘች፣ የማን ጣሪያ አፈሰሰ፣ መምህሩ ዛሬ ስለ ምን ተማረሩ። ሁሉንም እሰማለሁ፤ ለማንም መመለስ ግን አልችልም።

ትምህርት ከተከፈተ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። የዘንድሮው የመጨረሻ ፈተናዬ መሆኑን ታውቂያለሽ። ርዕሰ መምህሩ እስከ ወሩ መጨረሻ ቦታዬን እንደሚጠብቅልኝ ልኮብኛል፤ ከዚያ በኋላ ለሌላ ይሰጣል። ግን ልጁን ለማን ልተወው? ለአባባ እንዳልል ቀኑን ሙሉ እጃቸው ወተት ውስጥ ነው። ለእትዬ እንዳልል፣ እትዬ «ትንሽ በትንሹ ካላስለመዱት ሆዱ ፈሪ ይሆናል» ባይ ናቸው። ሁለት ጊዜ ከኪሳቸው ብስኩት ይዣለሁ። «ወተት የለበትም፣ ብስኩት ነው» አሉኝ። የማሸጊያውን ጽሑፍ አነበብኩላቸው፣ የወተት ዱቄት ይላል። «ያነበብሽው ተገልብጦ ነው» ብለው ወሰዱብኝ። በዚህ ሰፈር የሚሸጥ ብስኩትና ዳቦ ውስጥ ምን እንዳለ አሁን በቃሌ ነው የማውቀው፤ ፈተናው ከዚህ ቢወጣ አንደኛ እወጣ ነበር።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ቀን ቀን እይዘዋለሁ ብላለች። ሴትዮዋን ታውቂያታለሽ፤ የእሷ እጅ ጨርቅ እንጂ ወተት አይነካም። ግን ሳላስረዳት ልሰጣት አልችልም፤ ካላወቀች አንድ ቀን ሲያለቅስባት እርጎ ታቀምሰዋለች፣ ሰው ክፉ ሆኖ ሳይሆን ልጅ ወዶ ነው የሚያቀምሰው። እንዳላስረዳት ደግሞ መሐላ አለብኝ። ብናገር ሱቁ፣ ዝም ብል ልጁ ወይም ትምህርቴ። ገመዱ እንዲህ ነው የተጠላለፈው፤ የጥጃው ገመድ ለካ እኔ ላይ ነው የታሰረው።

ግን ለመጻፍ ያስጨከነኝ ይህም አይደለም። ትናንት የሆነውን ልንገርሽ። መስኮቷን በጣት ያህል ከፍቼ ነበር፣ ለአየር፤ የሱቁ የኋላ በር ክፍት ስለነበር ውስጡም የመንገዱ ማዶም ይታየኛል። አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ ወተት ልትገዛ መጣች። በቅርብ ወደ ሰፈሩ የገባች ናት፤ ሰኞ፣ ረቡዕና እሁድ ትመጣለች። አባባ መለኪያውን ሞልተው ሊቀዱላት ሲሉ ሕፃኑን አዩት። ጉንጩ እንደ ጥጃው ጉንጭ ነው፣ ያኔ እንደነበረው። ሴትዮዋም ሳትጠየቅ፣ ልጇ የጠጣውን ሁሉ እንደሚመልስና እንቅልፍ እንደነሳት ትነግራቸው ጀመር። አባባ መለኪያውን አየር ላይ እንደያዙ ቀሩ። ወተቱ በጠርዙ ላይ ጠብ ጠብ ይል ነበር፣ አላዩትም። ከዚያ መለኪያውን ወደ ጀሪካኑ መለሱና «ወተት አልቋል» አሏት።

ከኋላቸው ሁለት ሙሉ ጀሪካን ቆሟል። ሴትዮዋም አይታዋለች። ተቀይማ ወጣች፤ ማዶ ካለው ሱቅ ስትገዛም በዓይኔ አየኋት። አባባ ሃያ ዓመት ሙሉ ውሃ ጨምረው የማያውቁ ሰው ናቸው፤ ሱቃቸው ውስጥ ሲዋሹ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሴትዮዋ ስትሄድ ባዶ ጀሪካን ላይ ቁጭ አሉ። የታሰርኩት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ማታ ራት ላይ፣ እትዬ ሲነሱ ጠብቀው፣ ያቺ ሐኪም የምትለው ቃል እንዴት ነው የሚጻፈው አሉኝ። በወረቀት በትልቁ ጻፍኩላቸው፦ የላም ወተት አለርጂ። ከሥሩም የሐኪሟን ክፍል ቁጥር ጨመርኩበት። አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ያቺ ባለ ሕፃን ሴት ዳግመኛ ብትመጣ ሊሰጧት ነው ብዬ ልቤ ዘለለ። ግን አባባን አውቃቸዋለሁ (ይኸው እኔም እንደ እትዬ ሆንኩ)። ወረቀቷ እስክታልቅ ኪሳቸው ውስጥ ትኖራለች እንጂ፣ ማንም ካልጀመረላቸው አያወጧትም።

ስለዚህ እታለም፣ አንቺ ጀምሪላቸው። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ የልብስ ሰፊዋ ወንድም ነው፤ ለሚቀጥለው እሁድ ሳይሆን ከዚያ ለሚከተለው እሁድ ይደርስሻል ብዬ ቆጥሬአለሁ። ያን እሁድ ስትደውዪ አባባ እንደ ልማዳቸው «ተናገሪ ልጄ፣ ሰው ሁሉ እየሰማሽ ነው!» ይላሉ። ያኔ ተናገሪ። ሰው ሁሉ እየሰማሽ ነው። ሰላምታሽን ከጨረስሽ በኋላ «ልጄ የላም ወተት አለርጂ አለበት፣ ማንም ምንም እንዳያቀምሰው፤ ይህ የአባቴ ወተት ጥፋት አይደለም፣ በየትኛውም አገር በሕፃናት ላይ የሚመጣ ነገር ነው፤ ልጃችሁ እንደዚህ የሚሆንባችሁ ካላችሁ ሐኪም አሳዩ» በዪ። ቀስ ብለሽ፣ ሁለት ጊዜ በዪው፤ እትዬ መሀል ላይ መግባታቸው አይቀርም። እኔ እንደነገርኩሽ አታውጪ፤ ሕልም አየሁ ብትዪም እትዬ ያምኑሻል። አባባ በደንበኛ ፊት ስልክ አይዘጉብሽም። ያቺ ሴትም እሁድ የወተቷ ቀን ነው፤ ከእንግዲህ የምትመጣው ማዶ ሱቅ ቢሆንም የኛ ስልክ እስከዚያ ይሰማል። አባባ እናንተን ሁልጊዜ ድምፅ ማጉያው ላይ አድርገው ስላስቸገሩን፣ ማጉያው አንድ ቀን እንኳ ይጥቀመን።

ከሁሉም በላይ ልጁ ከቀመሰ ምን እንደሚያደርገው ሰው ሁሉ ይወቅ። ሱቃችን ቢጎዳ እንኳ አንድ ልጅ ከሚያፏጭ ይሻላል። አባባም በልባቸው እንደዚያው ናቸው። ወተቱን ከናጡበት ጠርሙስ ላይ ዓይናቸውን አይነቅሉም፤ እስካሁን መደርደሪያው ላይ ተገልብጦ አለ።

ይኸው የግቢው ቧንቧ ተከፈተ። አባባ ናቸው። ጥጃውን ሊያዩ ሲመጡ እስከ ክርናቸው ሦስት ጊዜ በሳሙና ይታጠባሉ፤ ከዚያ መስኮቱን በክርናቸው አንኳኩተው «ታጥቤአለሁ፣ ይፈቀዳል?» ይሉኛል። አባባ እኔን ፈቃድ ሲጠይቁ ብታዪ! ሦስቱ ሳሙና እስኪያልቅ ሰላምታዬን ልጨርስ።

ለባለቤትሽ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ልጁ አፍንጫው የሱ፣ ተንኮሉ ያንቺ መሆኑን ንገሪው። አብራችሁ ለምትኖረዋ ለሥራ ባልደረባሽ ሰላም በዪልኝ። አባባ ቢያውቁ ሰላም ይሉሽ ነበር፣ አያውቁም። እትዬ ቢያውቁ ግን «አውቄ ነበር» ይሉሽ ነበር። ጡረተኛው መምህር እሁድ እሁድ ጠጡ እየተባሉ በሚጠጡት ወተት እየተቀጡ ነው፣ ሰላም እንዳሉሽ ቁጠሪው። ቡሬና ጉራች ከፍርዱ ነፃ ወጥተዋል፤ ወርቄና የፍርድ ተራዋ ያልደረሰው ደማምም ደህና ናቸው፤ ሙሽራ ብቻ አሁንም አባባን ስታይ ዓይኗን ትሰብራለች፣ ወይም እኔ ነኝ የሚመስለኝ። ሁለተኛው ሳሙና ላይ ናቸው። ልጅሽ ይህን ወረቀት ሊበላ ጫፉን ይዟል፤ ወተት ስለሌለበት ፈቀድኩለት፣ የተቀደደው ለዚያ ነው። የጥርሱን ቦታ ተመልከቺው፣ ሁለት ናቸው፣ ከታች።

ቧንቧው ተዘጋ።

የምትወድሽ እህትሽ
ከሱቁ ጀርባ፣ መስኮቷ ከተዘጋችው ክፍል
ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ጥቅምት ፮ ቀን